መምህርን የመምረጥ ሥልጣን በአምቦና በሜጫ አገር

ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ የሚወስደው መንገድ ሆለታን፣ አዲስ ዓለምን፣ ወሎንኮሚንና ጊንጪን አቋርጦ አምቦ ይደርሳል፤ ከዚያም ጉደርን ተሻግሮ በጌዶ በኩል ወደ ባኮ ይወርዳል። በዚህ መንገድ ግራና ቀኝ ከተቆረቆሩት ከተሞች የአንዱን እንኳ የትምህርት ታሪክ ከሥር ከመሠረቱ ለመመርመር የተነሣ ሰው አስቀድሞ የሚያገኘው ነገር ቢኖር፣ የመጀመሪያው ተማሪ ቤት ከመጀመሪያው የትምህርት ሕግ ብዙ ዘመን ቀድሞ የቆመ መሆኑን ነው። ሕግ ወደዚህ አገር በመጣ ጊዜ መምህሩን በቦታው ተቀምጦ፣ ልጆቹን በዙሪያው ተሰብስበው፣ ወላጆቹንም ለመምህሩ ቀለብ ሲሰፍሩ አገኛቸው እንጂ እርሱ አልሰበሰባቸውም። ይህን አስቀድሜ መናገሬ፣ ሕግ አርቃቂዎች ብዙ ጊዜ አንድ ልጅ ወዴት ገብቶ ከማን እንዲማር የመወሰንን ሥልጣን ከመንግሥት የመነጨ፣ ለወላጅ በችሮታ የሚሰጥና በተፈለገም ጊዜ የሚነሣ ነገር አድርገው ስለሚያዩት ነው፤ የአምቦና የምዕራብ ሸዋ ከተሞች ታሪክ የሚመሰክረው ግን የዚህን ተቃራኒ ነው።

የጥንቱን ሥርዓት ያየ ሰው እንደሚያስታውሰው፣ በቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ ሥር፣ ከደጀ ሰላሙ ጥቂት ፈቀቅ ብሎ የኔታ በመደባቸው ላይ ይቀመጣሉ፤ ሕፃናቱም በቁርበትና በሣር ላይ ተኮልኩለው እያንዳንዱ በስንደዶ ፊደሉን እየነካ ድምፁን ከፍ አድርጎ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ይቆጥራል። ፊደል የለየው አቡጊዳን፣ አቡጊዳን የጨረሰው መልእክተ ዮሐንስን፣ ከዚያም ወንጌሉን፣ በመጨረሻም ዳዊትን ይቀጥላል፤ ከፍ ያለው ዝቅ ያለውን ያስጠናል፤ የኔታም ዓይናቸው ማየት ቢሳነው እንኳ ጆሯቸው ከዚያ ሁሉ ጫጫታ መካከል የተሳሳተውን ልጅ ለይቶ ስሙን ጠርቶ ያርመዋል። ልጁ ዳዊት የደገመ ዕለት አባት ጠላ ጠምቆ፣ በግ አርዶ፣ ጎረቤቱን ጠርቶ ይደግሳል፤ ለመምህሩም እንደ አቅሙ ያለብሳል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ልጁን ለዚያ መምህር የመደበ ባለሥልጣን አልነበረም። አባት የኔታ እገሌ ንባባቸው የቀና፣ ጠባያቸው የታረመ መሆኑን ሰምቶ ልጁን እጁን ይዞ ይወስዳል፤ ያልወደደው እንደ ሆነም ወደ ሌላው ደብር ያዛውራል፤ መምህሩም የሚያዝንበት ቢሆን እንጂ የሚከስሰው አይደለም።

ከንባብ ቤት ወዲያ ደግሞ ምርጫው ከአባት ወደ ልጁ ይተላለፍ ነበር። ዜማ ወይም ቅኔ የወደደው ብላቴና ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በየደጃፉ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ የሚወጣው አንድ ባለሥልጣን ወዳመለከተው ስፍራ ሳይሆን የመምህሩን ዝና ተከትሎ ነበር፤ ለቅኔ ጎንጅን ወይም ዋሸራን ወይም ዋድላን፣ ለድጓ ቤተ ልሔምን፣ ለዝማሬና ለመዋሥዕት ዙር አምባን፣ ለመጻሕፍት ትርጓሜ ጎንደርን ያስባል። ከሜጫ ምድር ለተነሣ ተማሪ ወደ ጎጃም ለመሻገር የዓባይ በረሃ በፊቱ ተጋርጦ ይታየዋል፤ ሆኖም ቅርብ ያለውን ትቶ ሩቅ ያለውን መምህር የመረጠ ሁሉ ያን ገደል ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ዳገቱን ወጥቶ ሄዷል። ለመምህርነት ፈቃድ የሚሆነው የመምህሩ ስም ነበር፤ ስሙንም የሚያነሣውና የሚጥለው ከእርሱ ተምሮ የወጣው ተማሪ ነበር። የቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ያለ በጀትና ያለ ተቆጣጣሪ ለብዙ መቶ ዓመታት ሊቃውንትን ሳያቋርጥ ያፈራው፣ ይህ መምህርን የመምረጥ ነጻነት በውስጡ ስለ ነበረ ነው ብዬ አምናለሁ።

ይሁን እንጂ ይህ ሥርዓት ሁሉን ያቀፈ ነበር ብሎ መናገር እውነትን መደበቅ ይሆናል። ሴቶች ልጆች ከጥቂቶቹ በቀር ከአጥሩ ውጭ ነበሩ፤ እስላሙ ልጁን ወደ ቁርዓን ትምህርት ቤት ይልክ ነበር፤ የሜጫ ገበሬ ልጅም የአባቶቹን ሕግና የትውልድ ሐረግ በሽማግሌዎች ጉባኤ በቃል ቢማርም፣ በአፉ በሚናገረው ቋንቋ የተጻፈ መጽሐፍ አላገኘም ነበር። ይህን ጉድለት ለመሙላት የተነሡት ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ ናቸው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1894 በኦሮምኛ የማንበቢያ መጽሐፍ አሳተሙ፤ በ1899ም መላው መጽሐፍ ቅዱስ በዚሁ ቋንቋ ታተመ። ኦኔሲሞስ በአምቦ በኩል በሚያልፈው በዚሁ የምዕራብ መንገድ መጨረሻ፣ በነቀምት፣ ትምህርት ቤት ከፍተው ማስተማር በጀመሩ ጊዜ ክስ ተነሣባቸው፤ በ1898 ዓ.ም. አቡነ ማቴዎስ እንዲጋዙ ፈረዱባቸው፤ ዳግማዊ ምኒልክ ግን ፍርዱን ሽረው፣ ከስብከት እንዲቆጠቡ አዝዘው ወደ ነቀምት መለሷቸው። ንጉሠ ነገሥቱ የስብከቱን ነገር ከማስተማሩ ለይተው፣ የሚያስፈራውን አግደው የሚጠቅመውን ማትረፋቸው በእኔ አስተያየት ከኋላቸው ለመጡት ሕግ አውጪዎች ሁሉ አርአያ ሊሆን የሚገባው ነበር። እርሳቸው ራሳቸው በ1900 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በስማቸው የተጠራውን ትምህርት ቤት ሲከፍቱም፣ የአውሮፓ መምህራንን የፈራው የካህናቱ ወገን እንዳይታወክ ከግብፅ የቅብጥ መምህራንን አስመጥተው ነገሩን በዘዴ አሳለፉት።

ትምህርትን ለማጥበብ ሆን ተብሎ የወጣውን ሕግ አገራችን ያየችው በጠላት ዘመን ነው። ኢጣልያኖች አዲስ አበባ ከገቡ ሦስት ወር ሳይሞላ፣ በሐምሌ 1928 ዓ.ም. ባወጡት ትእዛዝ፣ ትምህርት ቤትን ለኢጣልያውያንና ለተገዦች ብለው በሁለት ከፈሉት፤ በየትኛው ክፍል በየትኛው ቋንቋ እንደሚማሩም ወሰኑ። ከኢጣልያ ውጭ የሆኑት ሚሲዮኖች ሥራቸው ቀርቶ የስዊድኖቹ ከአገር ተባረሩ። እርግጥ ነው፣ የአገሬውን ቋንቋ ለትምህርት ፈቅደው ነበር፤ ዳሩ ግን ይህን ያደረጉት ለልጁ ዕውቀት አስበው ሳይሆን አንዱን ጐሣ ከሌላው ለመነጠል በመሆኑ፣ ለተገዦች የተመደበው ትምህርትም ከጥቂት ክፍል በላይ ስለማያልፍ፣ ከውጭ ሲያዩት ምርጫ የሚመስለው ነገር በውስጡ እስራት ነበር። በዚያ ጊዜ በጅባትና ሜጫ ዱር ውስጥ የነበሩት አርበኞች፣ ከእነርሱም አንዱ ገና በወጣትነቱ የዘመተው ጃገማ ኬሎ፣ የትምህርት ዕድል ያላገኙ ልጆች ነበሩ፤ ዘመናቸውም በጠመንጃ አለቀ።

ከድል በኋላ የመጣው መንግሥት ትምህርትን በእውነት ወደደ፤ ይህን ማንም ሊክደው አይችልም። ነገር ግን የሚሲዮኖችን ሥራ ለመወሰን በነሐሴ 1936 ዓ.ም. በነጋሪት ጋዜጣ የወጣው ድንጋጌ አገሪቱን ለሁለት ከፈላት፤ አንዱ ክፍል ለሚሲዮን ክፍት የሆነ፣ ሁለተኛውም የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ክልል ተባለ። በቤተ ክርስቲያን ክልል የሚሠራ ሚሲዮን ሕክምናና ከሃይማኖት ያልተያያዘ ትምህርት መስጠት ይችላል እንጂ መስበክ አይችልም፤ የማስተማሪያውም ቋንቋ በጠቅላላው አማርኛ እንዲሆን ተደነገገ። መንግሥቱ የአገርን አንድነት ለማጽናት ማሰቡ የሚያስመሰግነው ቢሆንም፣ ኦኔሲሞስና አስቴር ጋኖ የደከሙበት መጽሐፍ ከዚያ ወዲያ ለክፍል ትምህርት የማይሆን ዕቃ ሆኖ ቀረ፤ የሜጫ ገበሬ ልጅም ወደ ትምህርት ቤት በገባ ጊዜ ፊደሉንና ቋንቋውን በአንድነት፣ ሁለቱንም እንደ እንግዳ ነገር፣ ይማር ዘንድ ግድ ሆነበት። ልጁ በየትኛው ቋንቋ ቢጀምር እንደሚሻለው አባቱን የጠየቀው የለም።

በ1940 ዓ.ም. ደግሞ በመሬት ላይ የትምህርት ግብር ተጣለ። ይህ ግብር ከገበሬው እጅ የሚወጣ ሲሆን ትምህርት ቤቱ የሚሠራው ግን በአብዛኛው በከተማ ነበር፤ ስለዚህ ከመንገዱ ርቆ በጀልዱ ወይም በጅባት ጫካ አጠገብ የሚኖረው ሰው ከፍሎ ያልተቀበለ፣ ሰጥቶ ያልተጠቀመ ሆኖ ቆየ። በአንጻሩ ያን ጊዜ ሀገረ ሕይወት ትባል የነበረችው አምቦ እጅግ ለመለመች። ጠበሏና የማዕድን ውኃዋ ቀድሞም ስሟን ያስጠሩላት ነበር፤ በ1939 ዓ.ም. የእርሻ ትምህርት ቤት ሲቆምባት ከየአውራጃው ተማሪ የሚመጣባት ከተማ ሆነች፤ ያ ትምህርት ቤትም አድጎ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል።

የዚያን ዘመን የአምቦ ልጅ ብዙ በር ተከፍቶለት ቢያገኝ ምን ሊሆን እንደሚችል ለማወቅ የጸጋዬ ገብረ መድኅንን ሕይወት መመልከት ይበቃል። በ1928 ዓ.ም. በአምቦ አቅራቢያ ተወለደ፤ በአባቱ ኦሮሞ፣ በእናቱ አማራ ነበር፤ ግዕዙን ከቤተ ክርስቲያን፣ ኦሮምኛውን ከአባቱ ወገን፣ ዘመናዊውን ትምህርት ከአምቦ ትምህርት ቤት አገኘ፤ በዚያም ገና ልጅ ሳለ ስለ ንጉሥ ዳዮኒስዮስ የጻፈው ተውኔት የዚያን ጊዜው ንጉሠ ነገሥት ባሉበት ታየለት። ከዚያ ወደ ጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ገባ፤ ይህም በ1938 ዓ.ም. የተከፈተና የእንግሊዝ የባህል ድርጅት የሚያስተዳድረው ነበር፤ በመጨረሻም ወደ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ተሻገረ። እንግዲህ ይህን ሰው የሠራው ማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ አንዱን ብቻ ነጥሎ መናገር አይቻልም፤ የኔታም፣ የመንግሥት መምህርም፣ የውጭ አገር መምህርም ድርሻ አላቸው። በሕግ አንዱ ብቻ ተፈቅዶ ሌላው ሁሉ ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ ጸጋዬ ሌላ ሰው በሆነ ነበር፤ ያ ሌላው ሰው ባለቅኔ መሆኑን እጠራጠራለሁ።

መንግሥት ያልደረሰበትን ለመድረስ ሕዝቡ ራሱ የተነሣው በ1950ዎቹ ነው። ጥር 16 ቀን 1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር፣ ኮሎኔል ዓለሙ ቂጤሳ ሊቀ መንበር ሆነውት፣ በኋላም ጄኔራል ታደሰ ብሩ ገብተውበት፣ ከአባሎቹ በሚዋጣ ገንዘብ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ መሥራትን፣ መንገድ መጥረግን ዓላማው አደረገ። ጄኔራል ታደሰ አስቀድሞ መሃይምነትን ለማጥፋት የተቋቋመውን የፊደል ሠራዊት ይመሩ ስለ ነበር፣ ሕዝቡ ምን ያህል ትምህርት እንደ ተጠማ በዓይናቸው ያዩ ሰው ነበሩ። ከከተማ ነዋሪው እስከ ገበሬው የተዋጣው ገንዘብ የሚያስገርም አይደለም፤ የሚያስገርመው ቀድሞ የትምህርት ግብር የከፈለ ሰው ለሁለተኛ ጊዜ በፈቃዱ መክፈሉ ነው። በ1959 ዓ.ም. ግን ማኅበሩ ታገደ፤ መሪዎቹ ታስረው ተፈረደባቸው፤ ከእነርሱም የሞት ፍርድ የተፈጸመበት አለ። የመንግሥቱ ክስ የጸጥታ ጉዳይ ነበር፤ የጸጥታው ክርክር ለታሪክ ምሁራን ይቆይ። እኔን የሚያሳዝነኝ ከሰዎቹ ጋር ሥራው አብሮ መታገዱ ነው፤ በደለኛ የተባለውን ሰው ለመቅጣት፣ ገበሬው ለልጁ ያዋጣበትን ማኅበር ማፍረስ ግድ አልነበረም።

በዚያው ዘመን በስዊድን መንግሥት ዕርዳታ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በየገጠሩ ይሠሩ ነበር፤ የዚህም ሥራ ደንብ የአካባቢው ሕዝብ ድርሻውን በገንዘብ ወይም በጉልበት እንዲያዋጣ የሚጠይቅ በመሆኑ ድንጋይ የሚያቀርበው፣ እንጨት የሚሸከመው፣ አሸዋ የሚያጓጉዘው ወላጁ ራሱ ነበር። መንግሥትና ሕዝብ እንዲህ እየተጋገዙ ሲሠሩ የሚገኘው ፍሬ ታይቷል፤ ስለዚህ መንግሥት እጁን ያንሣ የሚል ሐሳብ በልቤ የለም።

በወሎንኮሚ ግን ለትምህርት የሚሆነው በር ገና ጠባብ ነበር። በ1942 ዓ.ም. በዚያች መንደር የተወለደው ገቢሳ እጀታ በጭቃ ጎጆ ያደገ ልጅ ነው፤ እናቱ በትምህርት ላይ የነበራት እምነት የጸና ስለ ነበር በጎረቤት ከተማ እንዲማር አመቻቸችለት። ልጁ እሑድ ማታ 20 ኪሎ ሜትር ያህል በእግሩ ተጉዞ ይሄዳል፤ ሳምንቱን ተምሮ ዓርብ ያንኑ መንገድ ወደ እናቱ ይመለሳል። ከዚያ ወደ ጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት፣ ከዚያም ወደ ዓለማያ፣ በመጨረሻም ወደ አሜሪካ ሄዶ ተማረ፤ ድርቅንና አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማውጣቱም በ2002 ዓ.ም. የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበለ። እኔ ይህን ታሪክ በሰማሁ ቍጥር የማስበው ስለ ሽልማቱ ሳይሆን ስለ እናቱ ውሳኔ ነው። አንድ ሹም መጥቶ፣ ልጅሽ ከሚኖርበት ወረዳ ውጭ ሊማር አይገባውም፤ ባለበት ያለውን ይማር፤ ከሌለም ይቅር የሚል ሕግ ቢያነብላት ኖሮ፣ ሕጉ በወረቀት ላይ ምንም ያህል እኩልነት የሰፈነበት ቢመስል፣ ማሽላውን በአቀንጭራ በሚያጣው በብዙ ሚሊዮን ገበሬ ላይ የደረሰው ጉዳት ማንም ሳያውቀው በቀረ ነበር።

እንዲህ ያለው ሕግ በአገራችን ሊወጣ ጥቂት ቀርቶት ነበር። በ1964 ዓ.ም. የዓለም ባንክ እጅ ያለበት፣ የአገር ውስጥና የውጭ ጠበብት የተሳተፉበት የትምህርት ጥናት ተካሄደ፤ ሕዝቡም ሴክተር ሪቪው ብሎ አወቀው። አሳቡ መልካም ምክንያት ነበረው፤ ከሚማሩት ልጆች ይልቅ የማይማሩት እጅግ ይበዙ ስለ ነበር፣ ያለውን ጥቂት ገንዘብ ለብዙዎች ለማዳረስ፣ አብዛኛው ልጅ አራት ዓመት ያህል ከግብርናና ከአካባቢው ኑሮ ጋር የተያያዘ መሠረታዊ ትምህርት እንዲቀስም፣ ከዚያ በላይ የሚያልፈው ግን በቁጥር የተወሰነ እንዲሆን አቀደ። አቃጆቹ ለእኩልነት የወጠኑት ይህ ነገር በወላጅ ዓይን ሲታይ ግን፣ ልጁ ከመሰላሉ አራተኛ እርከን ላይ ደርሶ ከዚያ በላይ ያለው እርከን የተነቀለበት መስሎ ታየው። ጥናቱ ከሕዝብ ተሰውሮ መቆየቱም ጥርጣሬውን አባባሰው። የአገሪቱ መምህራን የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. ሥራ አቆሙ፤ ወላጆችም አብረዋቸው ድምፃቸውን አሰሙ፤ የታክሲ ነጂዎችም በነዳጅ ዋጋ ምክንያት በዚያው ቀን በመነሣታቸው መንግሥቱ ዕቅዱን ለማዘግየት ተገደደ። በየካቲቱ አብዮት ታሪክ ላይ የተጻፈው ብዙ ነው፤ ስለ ወታደሩ፣ ስለ ተማሪው፣ ስለ ሠራተኛው ተጽፏል። ለዚያ አብዮት በር ከከፈቱት ነገሮች አንዱ፣ ልጁን ከአራተኛ ክፍል በላይ የማሳደግ መብቱ እንዳይወሰድበት የፈራ አባት ጩኸት መሆኑ ግን በሚገባው መጠን አልተነገረም።

በዚያ ጩኸት የመጣው መንግሥት ደግሞ ዞሮ ጩኸቱን ረሳ። ደርግ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ከወረሰ በኋላ ብዙም ሳይቆይ የግል ትምህርት ቤቶችን የሕዝብ ንብረት የሚያደርግ አዋጅ አወጣ፤ ከሃይማኖት ድርጅቶች ጋር ከተያያዙት በቀር አብዛኞቹ ተወረሱ። ምክንያቱ የሀብታም ልጅ ከድኻ ልጅ የተለየ ትምህርት ማግኘት የለበትም የሚል ነበርና፣ ይህን ቃል ሰምቶ ልቡ ያልተነካ ጥቂት ነው። መሃይምነትን ለማጥፋት በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው ዘመቻም ደርግ በኦሮምኛ ጭምር ማስተማሩ በእውነት ሊመሰገንበት የሚገባ ሥራ ነው፤ የገጠር ትምህርት ቤቶችንም ቁጥር አበዛ። ይሁን እንጂ የተወረሰው ትምህርት ቤት ከተወረሰ በኋላ ምን ሆነ? መሥራቹ ተባረረ፤ ክፍሉ ሞላ፤ ጠዋትና ከሰዓት በፈረቃ መማር የተለመደ ሆነ፤ የተበላሸውን ለማቃናት ገንዘቡን የሚያወጣ፣ ለጥፋቱም የሚጠየቅ አንድ ባለቤት ጠፋ። የድኻው ልጅ ቀድሞ ያልነበረውን ሳያገኝ፣ የነበረው ከሌላው ተወሰደ። ወላጁም ቢሆን መምረጡን አልተወም፤ ልጁ ለመንግሥት ትምህርት ቤት ዕድሜው እስኪደርስ ድረስ እጁን ይዞ ወደ ቄስ ትምህርት ቤት ይወስደው ነበር፤ በዚያ አብዮተኛ ዘመን የኔታ በዐጸዱ ሥር ፊደል ማስቆጠራቸውን ያላቋረጡት፣ ብዙ ልጆችም አንደኛ ክፍል ማንበብ እየቻሉ የገቡት በዚህ ምክንያት ነው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና የሥልጠና ፖሊሲ ሁለት የተዘጉ በሮችን በአንድነት ከፈተ፤ አንደኛው ልጁ በአፍ መፍቻ ቋንቋው እንዲማር መፍቀዱ፣ ሁለተኛውም የግልና የሕዝብ ትምህርት ቤቶች እንዲቋቋሙ መፍቀዱ ነው። በቀጣዩ ዓመት የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 27 ወላጆች ልጆቻቸውን በእምነታቸው መሠረት ኮትኩተው የማሳደግ መብት እንዳላቸው አረጋገጠ። ከዚያ ወዲህ በአምቦም፣ በሆለታም፣ በጊንጪም ከመንግሥት ትምህርት ቤት ጐን ሌሎች ቆመዋል። ከእነዚህ መካከል ከትምህርቱ ይልቅ ክፍያውን ያስቀደሙ መኖራቸውን አልክድም፤ በየዓመቱ ክፍያ የሚጨምርበት ወላጅ ምሬትም እውነተኛ ምሬት ነው። ይህን ምሬት ይዘው ሕግ አውጪዎች በመጡ ጊዜ ግን መጠንቀቅ ይገባል፤ ምክንያቱም የመምህሩን ችሎታ መመርመር፣ የሕንፃውን ደኅንነት መቈጣጠር፣ የፈተናውን ውጤት ለሕዝብ መግለጥ አንድ ነገር ሲሆን፣ አዲስ ትምህርት ቤት እንዳይከፈት ቁጥር መወሰን፣ ልጁን በሚኖርበት ቀበሌ አጥር ማሰር፣ ያቋቋሙት ሰዎች ከአስተዳደሩ እንዲወጡ ማድረግ ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው ወላጅ በትክክል እንዲመርጥ ይረዳዋል፤ ሁለተኛው ግን ምርጫውን ራሱን ያጠፋበታል።

ይህ ክርክር የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የኦሬጎን ሕዝብ በ1915 ዓ.ም. በድምፁ ባጸደቀው ሕግ ልጆች ሁሉ የመንግሥት ትምህርት ቤት ብቻ እንዲገቡ ታዝዞ ነበር፤ ትምህርት ቤት የሚያስተዳድሩ የካቶሊክ ደናግልና አንድ የወታደራዊ ትምህርት ድርጅት ተሟግተው፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1917 ዓ.ም. በአንድ ድምፅ ሕጉን ሻረው። ኢትዮጵያም ድምፅ ሰጥታ የተቀበለችው፣ ታኅሣሥ 1 ቀን 1941 ዓ.ም. የወጣው የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ በ26ኛው አንቀጹ፣ ልጆች የሚያገኙትን የትምህርት ዓይነት የመምረጥ ቀዳሚው መብት የወላጆች መሆኑን ይናገራል። በአሜሪካዋ በሚኒሶታ ግዛትም በ1983 ዓ.ም. አዲስ ሕግ ወጣ፤ በዚህ ሕግ መምህራንና ወላጆች ተሰብስበው ከመንግሥት ጋር ውል ገብተው፣ በሕዝብ ገንዘብ፣ ተማሪውን ሳያስከፍሉና በመግቢያ ፈተና ሳያበጥሩ የሚያስተምሩበት፣ ውሉን ያልፈጸመውም የሚዘጋበት ትምህርት ቤት ተፈቀደ፤ ቻርተር ትምህርት ቤት ይሉታል፤ የመጀመሪያው በዓመቱ በሴንት ፖል ከተማ ተከፈተ። በዚያ አገርም ቢሆን የተቃወመው አልጠፋም፤ ገንዘቡ ከነባሩ ትምህርት ቤት ይቀነሳል የሚለው ክርክር ክብደት አለው፤ በማሳቹሴትስ ቁጥራቸው ከተወሰነው በላይ እንዲጨምር በጥቅምት 2009 ዓ.ም. ለሕዝብ የቀረበው ጥያቄ ከመቶ 62 ያህሉ እንቢ ብሎት ወድቋል። ነገር ግን ገንዘቡ የተመደበው ለሕንፃው ወይስ ለልጁ ነው ብሎ የጠየቀ ሰው፣ ልጁ በሄደበት ገንዘቡ መከተሉን እንደ ስርቆት ሊቈጥረው አይገባም።

በአሜሪካ ከሚኖሩት ኦሮሞዎች እጅግ የሚበዙት በዚያችው በሚኒሶታ ይኖራሉ። ከእነርሱ ብዙዎች አዲስ መጤ ሳሉ፣ የልጆቻቸውን ቋንቋና ሃይማኖት የሚያከብር፣ ባህላቸውንም የሚያውቅ መምህር ያለበትን ቻርተር ትምህርት ቤት መርጠው ልጆቻቸውን አስገብተዋል፤ ሌሎቹም ነባሩን የመንግሥት ትምህርት ቤት መርጠዋል፤ ባልተስማማቸውም ጊዜ ከአንዱ ወደ ሌላው ያዛውራሉ። ይህን ለማድረግ ባለጠጋ መሆን አላስፈለጋቸውም፤ ምርጫው ያለ ክፍያ ነው። የጊንጪ ገበሬ ግን ዛሬም ለመምረጥ ገንዘብ ያስፈልገዋል፤ በእኛ አገር ምርጫ ማለት ለሚከፍለው ብቻ የተከፈተ የግል ትምህርት ቤት ሆኗልና። ስለዚህ የትምህርት ሕግ በተረቀቀ ቍጥር ምክር ቤቶቻችን ሊነጋገሩበት የሚገባው፣ ለከፋዩ የተከፈተውን በር እንዴት እንዝጋው የሚለው ሳይሆን፣ የአምቦና የጀልዱ ወላጆች ተሰብስበው፣ መምህር ቀጥረው፣ ከመንግሥት ጋር ውል ገብተው፣ ለልጆቻቸው ከተመደበው የሕዝብ ገንዘብ ድርሻቸውን ተቀብለው የራሳቸውን ትምህርት ቤት የሚያቆሙበት አንቀጽ በየትኛው ገጽ ላይ ይጻፍ የሚለው ነው።